ከእንብርት በታች፣ በስተቀኝ

ሲስተር እህተማርያም እንደ ቅዳሜ የምትጠላው ቀን አልነበረም። ሌላው ሰው ቅዳሜ ሲደርስ ደስ ይለዋል፤ እሷ ግን ከዓርብ ማታ ጀምሮ ፊቷ ይጠቁራል። ምን ታድርግ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው ሴቶች ለልማት ዘመቻ ወደ ቱላ እርሻ ይወጣሉ። መቅረት የፈለገች ከጤና ጣቢያው ወረቀት ማምጣት አለባት። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ደህና የነበረው ሴት ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ይታመማል።

ሕመማቸው ደግሞ አንድ ነው። ራስ ምታት የለ፣ ጉንፋን የለ፣ የጥርስ የለ፤ ሁሉም ከእንብርት በታች፣ በስተቀኝ። ይህን ጣጣ ያመጣችው ጠላ ሻጯ ሙሉጌጥ ናት። ካቻምና ትርፍ አንጀቷ ተነስቶባት ይርጋለም ተወስዳ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ከዳነች በኋላ ሲስተር የጠየቀቻትን ጥያቄና የመለሰችውን መልስ አንድ ሳታስቀር ለጎረቤት አስተማረች። ራሷም በየቅዳሜው ትመጣለች። «ትርፍ አንጀትሽ ወጥቷል፣ አሁን ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ስትባል፣ «ቦታው ነዋ ሲስተር» ትላለች ዓይኗን በጨው አጥባ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረየስም አልረዳትም። ገብረየስ በስብሰባ ላይ ድምፁ ጣሪያ የሚነቀንቅ ሰው ነው፤ በሴት ነገር ግን ዓይን አፋር ነው። ወረቀቱ ላይ «ራስ ምታት» የሚል ካየ፣ «ራስ ምታት ከአረም አያግድም፣ ወደ መኪናው» ይላል። «ማህፀን» የሚል ካየ ግን ጆሮው ቀልቶ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ሴትየዋንም ያሰናብታል። ሴቶቹ ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም።

እህተማርያም መጀመሪያ ላይ እያንዳንዷን አስተኝታ ታይ ነበር። የሴት ልጅ ሆድ ከእንብርት በታች ስንት ነገር እንደሚሸሽግ ታውቃለች። ፊኛው አለ፣ ትርፍ አንጀቱ አለ፣ የወር አበባው ቁርጠት አለ፣ እንቁላል ማፍሪያው ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚያብጥ አለ፣ ባል ከውጭ ይዞት የሚገባ በሽታ አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከማህፀን ውጭ የሚቀመጥ ፅንስ ነው። ሃያ ዓመት የሠራችበት ነገር ነው። ግን በየሳምንቱ አሥራ ሰባት ጤነኛ ሆድ ሲጫኑ መዋል ማንን አያስመርር! ሰለቻት፣ አንገፈገፋት። በመጨረሻ ዓርብ ከሰዓት «የማህፀን ብርድ፣ የአንድ ቀን እረፍት» የሚል ወረቀት ቁልል አድርጋ ጽፋ፣ ማህተም መትታ ማስቀመጥ ጀመረች። ቅዳሜ የሚቀራት ስም መሙላት ብቻ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት፣ በግንቦት አንዱ ቅዳሜ፣ አግዳሚው እንደ ልማዱ ሞልቶ ነበር። ደጅ የዘመቻው የጭነት መኪና ቆሟል፤ ላዩ ላይ ወረቀት ያልጠየቁ አሥራ ሦስት ሴቶች ፀሐይ እየበላቸው ተቀምጠዋል። እህተማርያም አሥራ ሰባት ወረቀት ሰጥታ ጨረስኩ ስትል አንዲት የማታውቃት ወጣት ገባች። ወገቧን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። የዓሣ ሽታ ይዛ ነው የገባችው።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት እህተማርያም፣ ቀና ሳትል።

«ከእንብርት በታች፣ በስተቀኝ። ሲጫኑት ያመኛል፣ ሲለቁት ይብስብኛል። የወር አበባዬ ባለፈው ሳምንት መጥቷል። ሽንት አያቃጥለኝም።» በአንድ ትንፋሽ ደረደረችው።

እህተማርያም ደሟ ፈላ። እነዚህ ሴቶች እኮ ቃል እንኳ አይለውጡም፤ እንዲያው ትንሽ እንኳ አያፍሩም። ስሟን ጠየቀቻት፤ «ታቢታ» አለች። ጻፈችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት።

«በይ ሂጂ፣ ለሊቀመንበሩ ስጪው።»

ታቢታ አልተነሳችም። ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «መድኃኒቱ ከየት ነው የሚወሰደው?»

«መድኃኒት አይደለም። ከዘመቻ የምትቀሪበት ነው።»

«ዘመቻ የለብኝም እኮ እመቤቴ። የዚህ ቀበሌ ሰው አይደለሁም፤ የቱላ ነኝ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልገዛ መጥቼ እዚያው ጣለኝ። ሰው ደግፎ ነው ያመጣኝ።»

የእህተማርያም እስክሪብቶ ቆመ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ማን አስጠናሽ?»

«አግዳሚው ላይ ያሉት። እንዲህ ካላልሽ ሲስተር አትቀበልሽም አሉኝ።»

እህተማርያም ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻት። የልጅቷ ከንፈር ነጥቷል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ተነስታ የዓይኗን ቆብ ገለጥ ስታደርግ ውስጡ ደም የሚባል የለበትም። 

«የነሱን ተይው። የራስሽን ንገሪኝ። የት ነው የሚያምሽ?»

«በስተግራ ነው። ከጠዋት ወዲህ ደግሞ ትከሻዬንም ይወጋኛል።»

«የወር አበባሽስ?»

ታቢታ አንገቷን ደፋች። «ሁለት ወር ቀረ። ትናንት ጠቆር ያለ ጠብ ጠብ አለ። ልጅ መሆኑን እርግጠኛ ልሁን ብዬ ለባሌም አልነገርኩት።»

የደም ግፊቷን ለካች፤ ሰባ በአርባ። ፅንሱ ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ፣ ቱቦው ፈንድቶ፣ ደሙ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነበር። ጤና ጣቢያው ያለው ግሉኮስ ብቻ ነው፤ ሆዷን ቀድዶ ደሙን የሚያቆመው ሐኪም ያለው ይርጋለም ነው። በጊዜ ካልደረሰች ታቢታ ማታን አታይም። እህተማርያም ግሉኮሱን ሰካችላትና ወደ ደጅ ሮጠች።

«ጓድ ገብረየስ፣ መኪናውን አሁን እፈልገዋለሁ። ሰው ልትሞትብኝ ነው።»

«መኪናው ሠላሳ ሰው ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፤ አዲስ መመሪያ ነው» አለ ገብረየስ መዝገቡን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እኔ ባዶ መኪና ልኬ ለበላይ ምን ልበል? አሥራ ሦስት ነው ያለው። የቀሩት አሥራ ሰባቱ እርስዎ ራስዎ በፈረሙት ወረቀት ታመዋል።»

 ሰውየው ዋሸ እንዳትል አልዋሸም። መኪናውን አስራ ያቆመችው እሷው ናት።

ወደ ውስጥ ተመለሰችና አግዳሚው ፊት ቆመች። ሴቶቹ ወረቀታቸውን እንደያዙ ያወራሉ።

«ስሙኝ» አለች። «ያቺ ልጅ ደሟ ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። እናንተ ያስጠናችኋትን ስትነግረኝ ሳላያት ልሸኛት ነበር። ከሞተች እናንተም እኔም ነን የገደልናት። መኪናው ደግሞ ሠላሳ ካልሞላ አይሄድም፤ የማይሞላው እናንተ ታማችሁ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እውነት የታመመ ማን ነው?»

 አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ሌላዋ ጫማዋን ታያለች። ሙሉጌጥ ተነሳች። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ «እኔ ተሽሎኛል» አለችና ታቢታን በብብቷ ደግፋ አስነሳች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እያስቀመጡ ተከተሏት።

ገብረየስ ቆጠረ፤ ሠላሳ። ግን አሁንም እጁን አነሳ። «ነዳጁ የተፈቀደው እስከ ቱላ ነው። ይርጋለም ድረስ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«የማህፀን ጉዳይ ነው» አለች እህተማርያም። « ከየት ከየት እንደሚደማ ቁጭ ብዬ ላስረዳዎት?»

የገብረየስ ጆሮ በርበሬ መሰለ። «ሂዱ፣ ሂዱ» አለ።

ሾፌሩ ግዛቸው ሴቶቹን ቱላ እርሻው ዳር አራገፈና ወደ ይርጋለም ለቀቀው። እህተማርያም የግሉኮሱን ጠርሙስ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በሌላ እጇ የታቢታን የደም ትርታ እየቆጠረች፣ መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትረግም ሄደች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የታቢታን ጣቶች ሲፈታ ጨብጣው የመጣችውን ወረቀት አገኘ። ዘርግቶ አነበበው።

«የማህፀን ብርድ፣ የአንድ ቀን እረፍት። ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህተማርያም።

ሐኪሙ ወረቀቱን መልሶ ሰጥቷት እጁን ሊታጠብ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ታቢታ አንድ ቱቦዋንና ለባሏ ያልነገረችውን ፅንስ አጣች፤ ነፍሷ ግን ተረፈች።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት እህተማርያም አንድም ወረቀት አልጻፈችም። ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚው ሞልቶ ጠበቃት፤ ሳምንት የማይሞላ ጸጸት ነበር የሴቶቹ ጸጸት።  ቢሆንም የአልጋውን አንሶላ ቀየረችና የመጀመሪያዋን ጠራች። ሙሉጌጥ ነበረች።

«ከእንብርት በታች...» ብላ ጀመረች ሙሉጌጥ።

«እሱን አውቀዋለሁ። ሌላ የሚያምሽ ቦታ አለ?»

 ሙሉጌጥ ቀስ ብላ በስተግራ ታችኛው ሆዷን በእጇ ሸፈነች። «እዚህ ጋ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባሌ ከግንባር ፈቃድ መጥቶ ከተመለሰ ወዲህ ነው። ፈሳሽም አለው፤ ሌሊት አያስተኛኝም።»

«ሁለት ዓመት? በየሳምንቱ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«የውሸቱን እንኳ ቀና ብለው አልሰሙኝም እኮ ሲስተር» አለች ሙሉጌጥ፣ ቁጣም ልመናም ሳይኖርበት። «የእውነቱን ለማን ልንገረው?»

ደጅ ገብረየስ ሰዓት እያየ ይጮሃል። እህተማርያም ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳም ሙሉጌጥን አልጋው ላይ አስተኛቻት።