ማንም እንዳይነካው

እህትየው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመስመር ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች። ሥራዋ ሸሚዙ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሳይቆም እንዲሄድ ማድረግ ነው። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ቁልፍ ትተክላለች። እሷ ቆማ እያየች ሥራ አይቆምም። ታናሽ ወንድሟ፣ አሥር አለቃው፣ ሁለት እግሮቹን ከጉልበት በላይ ጦር ሜዳ ጥሎ፣ ግራ ክንዱም በፍንጣሪ ተመትቶ ሲመለስላት የምታውቀውን አደረገች። መስመር ዘረጋችለት።

የፋብሪካው ሰው ጉድ ነው። ይጣላል፣ ይተማማል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሳሙና ይሰራረቃል። ሰው ሲወድቅ ግን ያ ሁሉ ይረሳል። ማኅበር አቋቁመው ከየደመወዛቸው እያዋጡ ዊልቸር ገዙለት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ቀጠሩለት። ይህ አልበቃ ብሏቸው ጉልበታቸውን ጨመሩበት። እህትየውም የተረኞችን ዝርዝር ጽፋ በሩ ጀርባ ለጠፈችው። ጠዋት ከፈረቃ የሚወጣው የፋብሪካው ዘበኛ አሥር አለቃውን ከአልጋው ብድግ አድርጎ ዊልቸሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ክንደ ብርቱ ሰው ነው፤ እንደ ትራስ ነው የሚያነሣው። ቀጥላ ቁልፍ ተካይዋ ትመጣና ፊቱን ታጥበዋለች፣ ሸሚዙን ታለብሰዋለች፣ እስከ አንገቱ ትቆልፍለታለች። ለቀኑም ለማታውም ሌላ ሌላ ሰው አለ።

«ግንባር ላይ እንኳን አንቺን የመሰለ አዛዥ አልገጠመኝም» ይላታል ወንድሟ። እሷም ደስ ይላታል። እናታቸው ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አሳድጋዋለችና የማዘዝ መብት እንዳላት ታምናለች።

አንድ ቀን ባለሙያዋ ጥሩ ወሬ ይዛ መጣች። ለከባድ ቁስለኞች የተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ማዕከል አሥር አለቃውን ለአንድ ዓመት ሊቀበለው ነው። ሰው ሠራሽ እግር ይሠሩለታል፣ መራመድ ያስተምሩታል፣ የስልክና የሬዲዮ ጥገና ሙያም ያስይዙታል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ያለማንም እርዳታ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መሸጋገርና መልበስ አለበት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ገምጋሚ ቤት ድረስ ይመጣል። ከወደቀ የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ ጅማቱ ይሸማቀቅና በሰው ሠራሽ እግር መቆሙ ሕልም ሆኖ ይቀራል።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አሥር አለቃው ፈቀቅ አላለም። አናጢ ያለሰለሳት ጣውላ አለች፤ አንዱ ጫፏ አልጋው ላይ፣ ሌላው ዊልቸሩ ላይ ያርፋል፤ እሱ በክንዱ እየገፋ በላይዋ መንሸራተት አለበት። ባለሙያዋ ሰኞ ያስጨበጠችው ረቡዕ ስትመጣ የለም።

«ትናንት ማን አነሣህ?» አለችው።

«ተረኛው ነዋ።»

ባለሙያዋ ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ ወደ እህትየው ዞረች።

«እርስዎ ወንድምዎን እንደ ሸሚዝ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚያሳልፉት። ሁሉም የየድርሻውን ይሠራለታል። የእሱ ድርሻ የታለ?»

«እሱማ ቁስለኛ ነው» አለች እህትየው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማረ ሰው አልጠበቀችም።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይነካው።»

ዘበኛው ሲሰማ ተቀየመ። «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

«ቁጭ ብለው ያጫውቱታል» አለችው ባለሙያዋ።

«ስለ ምን?»

ሰውየው አራት ወር ሙሉ ሲያነሣውና ሲያስቀምጠው ከ«እንዴት አደርክ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም ነበር። ያን ቀን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ክንዶቹን አጣጥፎ እንደ ቅጣተኛ ተማሪ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አሥር አለቃው ጣውላዋ ላይ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለቴ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ሦስተኛው ላይ ስለ ዘበኛው አለቃ የተነሣ አንድ አስቂኝ ወሬ ሁለቱንም አሳቃቸውና በሳቁ መሐል ዊልቸሩ ላይ ደረሰ። ቁልፍ ተካይዋ ደግሞ ሸሚዙን ሲቆልፍ እያየች መዳፎቿን ከጭኖቿ ሥር ደበቀች።

«ቁልፉ ተዛንፏል» አለች፤ አላስችል ብሏት።

«ይዛነፍ። የራሴ ነው።»

ሁሉም ቀስ በቀስ ለመዱት። ያልቻለችው እህትየው ነበረች። ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ሲንሸራተት በአንድ እጇ ወገቡን ደገፍ ታደርገዋለች። በትንሹ ነው፤ ለራሷም እርዳታ አይመስላትም። ባለሙያዋ ግን ነቃችባት፤ አሥር አለቃው ወደ ግራ ሲጋደል የሌለ እጅ ይጠብቅ ነበር።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እታለም፣ እንድሄድ አትፈልጊም አይደል?»

«እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አለችና ኩም ብላ ወጣች።

በነጋታው በማሽኖቹ ጩኸት መሐል እንደቆመች እውነቱ መጣባት። ይወድቃል ብላ አይደለም የምትፈራው፤ ያልፋል ብላ ነው። እሱ ግንባር ሳለ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ሲሸበር ኖሯል። ግማሽ ሆኖ ሲመለስላት፣ እያለቀሰች፣ «ከእንግዲህ ማንም አይወስደውም» ብላ ፈጣሪዋን አመስግና ነበር። ይህን ስታስታውስ ሐፍረት ወረራት። መስመሩ ላይ አንድ ማሽን ቆሞ ሠራተኞቹ ሲጠሯት እንኳ አልሰማቻቸውም።

ማምሻውን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አዎ፣ እንድትሄድ አልፈለግሁም» አለችው። «እዚህ ብትሆን ቢያንስ የት እንዳለህ አውቃለሁ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

እሱ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። «እኔም አንዳንዴ መሄድ አልፈልግም። እዚህ ሁሉ ነገር እጄ ድረስ ይመጣልኛል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ተመችቶኝ እሞታለኋ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ግን እንባዋም አብሮ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እሱ ጣውላዋ ላይ ሲወጣ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ምንም ባትሠራም በላብ ትጠመቅ ነበር። አርባው ደቂቃ ሃያ ሆነ፤ ሃያው አሥራ ሁለት።

ገምጋሚው ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀታቸውን ዘርግተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ባለሙያዋ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ዘበኛው ከፈረቃ ወጥቶ ሳይተኛ መጥቶ በሩ ላይ ነው። አሥር አለቃው ሸሚዙን ለበሰ፤ ቁልፎቹ አንድም ሳይዛነፉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጣውላዋን አጋደማት፣ በቀኝ ክንዱ ገፋ፣ ተንሸራተተ። ጥሩ እየሄደ ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ግራ ክንዱ ከዳውና ወደ ወለሉ አዘነበለ።

ሽማግሌው ሥራቸው መመዘን መሆኑን ረሱት። ወረቀታቸውን በትነው ሊይዙት ተወረወሩ። እህትየው ቀደመቻቸው፤ ሁለቱንም እጅጌዎቻቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«አይንኩት።»

«ይወድቃል እኮ» አሉ ሽማግሌው።

«ይውደቅ። ይነሣል።»

እጆቿ አልላሉም። አሥር አለቃው በቀኝ ክርኑ የዊልቸሩን መደገፊያ አንቆ ተንጠልጥሎ ነበር። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ትንፋሹን ሰበሰበ። አንዴ ሳበ፤ ትንሽ መጣ። አረፈ። ደግሞ ሳበ። በመጨረሻ መቀመጫው ላይ ዘጭ ብሎ ዊልቸሩን አንቀጫቀጨው፤ ቀና ብሎም ኮሌታውን አስተካከለ።

ባለሙያዋ የተበተኑትን ወረቀቶች ለቃቅማ ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። እሳቸው ግን መቀበል ተስኗቸው ቆመዋል።

«እታለም» አለ ወንድሟ፤ ገና ቁና ቁና እየተነፈሰ፤ «ልቀቂያቸው እንጂ። ማለፌን በየትኛው እጃቸው ይጻፉት?»