ሰንበት ሲገባ የሚቆም ፍሪዘር

ከባሌ ቤት ያስወጣኝ ፍሪዘር ነው ብል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር።

እስራኤል አገር፣ ኪርያት መላኪ ከተማ ባለው ቤታችን ፍሪዘሩ የቆመው በረንዳ ላይ ነው። ለፋሲካ ባሌ ሺሞን ወጥ ቤቱን ቀለም ሊቀባ አወጣውና እዚያው ቀረ። በጋው ሲገባ በሥጋ ሞላነው። የባሌ አባት አባ ደባሱ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበርና፣ ለተስካራቸው ከዘመድ ጋር ተካፍለን ካረድነው በሬ ድርሻችን እዚያ ውስጥ ነበር። የእኛ የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ ባርከው ያረዱት ሥጋ ነው። አማቴ እማ ሙሉዬ ከረጢቱን ሁሉ በእጃቸው ቋጥረው፣ በእጃቸው ደርድረው፣ በሩን ሲዘጉ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ከዚያ አንድ ቀን ሰንበት እንደወጣ እማ ሙሉዬ ሥጋ ሊያወጡ ሄዱና ከበረንዳው ተጣሩ። ፍሪዘሩ ሥር ውሃ ተኝቷል። የላይኛው መደርደሪያ ሥጋ ልል ብሏል፣ ከረጢቶቹ ደም አቁረዋል። ፍሪዘሩ ግን እያጉረመረመ ይሠራል። በሩ በደንብ ሳይዘጋ ውሎ ነው አልን። ሺሞን የበሩን ጎማ በሳሙና አጠበ፣ ወረቀት በበሩ መሃል እያስገባ እየጎተተ ፈተነው። ወረቀቱ በአራቱም ጎን ጥብቅ ብሎ ተያዘ። ጎማው ደህና ነው ማለት ነው። ፍሪዘሩም ሳምንቱን ሙሉ ሥጋውን ድንጋይ አስመስሎ አቆየው፤ የሚቀጥለው ሰንበት ሲወጣ ግን ያው ውሃ ጠበቀን።

ከያቭነ ከተማ ያሪቭ የሚባል ተክናይ አስመጣን፤ ሥራው ፍሪዘር መጠገን ነው። ጀርባውን ከፍቶ አቧራውን ጠረገ፣ ሞተሩን አዳመጠ፣ ቴርሞሜትር ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀ። የፍሪዘሩ ገመድ በመስኮት ወደ ሳሎን ገብቶ ሶፋው ኋላ ነው የሚሰካው። ያን ጊዜ እኔ ሶፋው ላይ ልጄን ኦሪያንን እያጠባሁ ነበር። ያሪቭ ሶኬቱን ሊያይ ወደ እኔ መጣ፣ አፈረ፣ ተመለሰ። ተነሽልኝ ቢለኝ ምን ነበረበት? ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በዕብራይስጥ የተናገረውን ሺሞን ለእናቱ ተረጎመላቸው። "ማሽኑ ጤነኛ ነው ይላል። መብራት ለብዙ ሰዓት እየተቋረጠበት ነው ይላል። ሰው ይነቅለው እንደሁ ጠይቁ ይላል።"

እማ ሙሉዬ ወደ እኔ ዞር አሉ።

ያሪቭ ሲወጣ አንድ ዘዴ አሳየን። አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዛችሁ፣ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ፤ ቀልጦ እንደገና ከረጋ ሳንቲሙን ሥሩ ታገኙታላችሁ አለ። አርብ ዕለት እማ ሙሉዬ ራሳቸው አስቀመጡት። እሑድ ጠዋት ሳንቲሙ ብርጭቆው ሥር ነበር። ሥጋውም ግማሹ ሸትቷል። ቄስ የባረኩትን ሥጋ በጥቁር ፌስታል ተሸክሜ ወደ ቆሻሻው ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ ወጥ ቤት ቆመው ጠበቁኝ።

"እንዲያው አንች ልጅ፣ ስልክሽን የምትሰኪው የት ነው?"

"መቼ?"

"ሰንበት። እዚያ ሶፋ ላይ ሆነሽ ታጠቢያለሽ። ሶኬቱ ከኋላሽ ነው።"

ነገሩ ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። ሰንበት ላይ ፍሪዘሩን ነቅላ ስልኳን ትሞላለች፣ ሳናይ መልሳ ትሰካዋለች ማለታቸው ነው።

"እማ፣ እኔ ሰንበት ስልክ አልነካም።"

"እንግዲህ፣ እናንተ ዘንድ እንዴት እንደነበር እኔ ምን አውቃለሁ።"

ይህችን "እናንተ" አውቃታለሁ። እሳቸው በሱዳን በእግር የመጡ ናቸው። የእኔ ወላጆች ደግሞ ጎንደር ከተማ ዓመታት ጠብቀው፣ ዘግይተው የመጡ። አያቶቼ ክርስትና ተነሥተው ስለነበር እዚህ ከደረስን በኋላ ሃይማኖታችንን እንደ አዲስ ተማርን፣ ራቢዎች ፊት ቀርበን ተጠየቅን፣ ሚቅዌ በሚሉት የመንጻት ውሃ ውስጥ ገባን። ሰንበትን ከገዛ ልጃቸው ከሊኖር አብልጬ እጠብቃለሁ። ሊኖር ሰንበት ላይ ከገዴራ በመኪና ትመጣና ራቅ አድርጋ አቁማ በእግሯ ትገባለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሣውም። ያችው ሊኖር ደወለችልኝ። "ጠጅቱ ማሚ፣ ብቻ ተናገሪ፣ ያላ፣ በይ እንጂ፣ ማንም አይቆጣሽም" አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት።

ይህ ሁሉ ግን አላቃጠለኝም። ያቃጠለኝ ሺሞን ነው። "አንተስ እንዲህ ታስባለህ?" ስለው "እኔ ምን አልኩ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለም። ሚስቴ ይህን አታደርግም የምትለዋን አንዲት ቃል ነበር የፈለግሁት፤ እሷን አጣሁ።

እንግዲያው እኔ ዞር ልበልና ይለይ አልኩ። አርብ ጠዋት ልጄን አዘልኩና ያቭነ ወደሚገኘው ወደ እናቴ ቤት ለመሄድ ተነሣሁ። በሩ ላይ ቆሜ "እማ፣ ብርጭቆውን ያስቀምጡ። እኔ እዚህ የለሁም። ሳንቲሙ ከሰመጠ ስሜን ይመልሱልኛል" አልኳቸው።

"ቤሰደር፣ እሺ" አሉ።

ያቭነ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለሙት ተስካር የተቀመጠ ሥጋ ይበላሽ ብሎ መጸለይ ነውር ነው፤ እኔ ግን ጸለይኩ። ይቅለጥ፣ ውሃው በረንዳውን ይሙላው፣ እማ ሙሉዬ በዓይናቸው ይዩት አልኩ። እናቴ "አይዞሽ፣ እውነት ይወጣል" እያለች ስታጽናናኝ፣ እኔ መጽናናት የሚያስፈልገኝ መስሎ እንኳ አልታየኝም።

እሑድ ስገባ እማ ሙሉዬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። በረዶው እንዳለ ነው። ሳንቲሙ ከላይ ተቀምጧል።

"ይኸው" አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ለገዴራም ለሌላውም ዘመድ ደውለው ጨርሰዋል።

ማልቀሴን እንዳያዩ ወደ በረንዳው ወጣሁ። እዚያ ቆሜ እንባዬን ስጠርግ ገመዱን አየሁት። በሳሎኑ መስኮት አይደለም የሚገባው። አዲስ ማራዘሚያ ተቀጥሎለት በግድግዳው ጥግ ዞሮ በወጥ ቤቱ መስኮት ገብቷል። ተመልሼ ሶፋውን ጎተትኩት። ከኋላው ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ አለ። አንዱ ቀዳዳ ላይ የሳሎኑ መብራት ተሰክቷል፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ማከፋፈያው ራሱ የተሰካው የሰንበት ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሰንበት ላይ እኛ እጃችንን ሳናነሣ መብራቱን የሚያጠፋና የሚያበራው ላይ። አርብ እራት ከበላን በኋላ ያጠፋዋል፣ ሰንበት ሲወጣ መልሶ ያበራዋል። ፍሪዘሩንም ከመብራቱ ጋር አብሮ ሲያጠፋው ኖሯል። ሙቀቱ እስኪበረታ ድረስ አልታወቀብንም እንጂ ከፋሲካ ጀምሮ እንዲሁ ነበር።

ያን ሰዓት አርብ አርብ የሚያስተካክለው ሺሞን ነው።

ከሥራ ሲመጣ መኝታ ቤት አስገብቼ "መቼ አየኸው?" አልኩት። ስለምን እንደምናገር አልጠየቀኝም።

"አርብ ከሰዓት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ። ሰዓቱን ላስተካክል ሶፋውን ሳነሣ።"

"አይተህ ገመዱን አዞርከው።"

"ታዲያ እየቀለጠ ይቅር?"

"ለእናትህስ ነገርካት?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ጠጅቱ፣ ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች። ተስካሩ ደርሷል። የሰካሁት እኮ እኔ ነኝ። የአባቴን የተስካር ሥጋ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልበላት? አሁን እኮ ይሠራል።"

እሱ ላይ አይባል፣ በእኔ ላይ ግን ይባል። እጁን ይዤ ወጥ ቤት ወሰድኩትና ሁሉንም አንድ በአንድ ለእማ ሙሉዬ ነገርኳቸው፤ ሰዓቱን፣ ማከፋፈያውን፣ አርብ ከሰዓት የዞረውን ገመድ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሺሞን፣ እውነት ነው?"

"እኔ አልነካሁም፣ እማ። ገመዱን ያሪቭ ይሆናል ያዞረው።"

ያሪቭ ከዚያች ቀን ወዲህ ቤታችንን አልረገጠም። እማ ሙሉዬም ይህን ያውቃሉ፤ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩት። ውሸቱ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ብርጭቆውን አነሡና በረዶውን ከነሳንቲሙ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጡት። "በይ ልጅቱን ስጭኝ፣ መንገድ አድክሞሻል" አሉኝ። እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። ከስድባቸው ሁሉ የከፋብኝ ይህ ነው።

ልጄን አልሰጠኋቸውም። ልብሷንና ልብሴን ሰብስቤ ወደ ያቭነ ተመለስኩ።

ተስካሩ ያለ እኔ አለፈ። ሊኖር ለእንግዶቹ "ጠጅቱ አሟታል" ብላለች አሉ። ሺሞን በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይደውላል። መቼ ትመጫለሽ ይለኛል፤ ለእናትህ የነገርካት ቀን እለዋለሁ። "ቤሰደር፣ እነግራታለሁ" ይላል። ትናንትም ደወለ። ስለ ኦሪያን ጠየቀ፣ ስለ እናቴ ጠየቀ። "ዛሬስ ነገርካት?" አልኩት።

"እሷ አጠገቤ ናት" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በኋላ ልደውልልሽ።"