የካፒቴኑ በር

«የምትፈልጉት ልደት ቤት ከሆነ እዚህ አይደለም። እኛ ለቅሶ ላይ ነን።»

የሟች ታላቅ እህት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ክፍተቱን በትከሻዋ ዘግታ ነው የምትናገረው። ደጅ የቆሙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ያልለቀቀለት ቀጭን ሽማግሌ፣ ሌላዋ ደረቷ ላይ ካርድ ያንጠለጠለች ደልደል ያለች ሴት።

«ልደት አይደለም፣ እትዬ» አለ ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ። «ለካፒቴኑ ልናለቅስ ነው የመጣን። ቀብሩ አምልጦን ነው።»

«ካፒቴን የሚባል ሰው የለም እዚህ። ወንድሜ ሊፍት ጠጋኝ ነበር።»

«እሱ ነዋ» አለች ሴትዮዋ። «እሱ ነው።» ይህን ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሚስትየው ሳሎን ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆና ልቅሶውን ሰማች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ብዙ ዓይነት ልቅሶ ሰምታለች፤ የዘመድ፣ የጎረቤት፣ ለይሉኝታ የሚወርድም እንባ አይታለች። ይኼኛው ግን ከሆድ የወጣ ነው። ዕድሜዋን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ሴት ናትና የያዘ ስፌትና ለይምሰል የተወጋ ስፌት ይለይላታል።

«እቴቴ፣ አስገቢያቸው» አለች።

ገቡ። ከፔርሙሱ ሻይ ተቀዳላቸው። ከወዲያኛው ሶፋ ሁለት ጎረቤቶች ተንሾካሾኩ።

«አንገቱን አየሽው? በሽታ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ ቀለም ነው። ቤት ሲቀባ ውሎ ይሆናል።»

ሰውዬው ሰምቷቸዋል፤ ኮሌታውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሴትዮዋ ጥርስ ሐኪም ናት። እርስ በርሳቸው ግን እንዲያ አይጠራሩም። እሱ «ዘንዶው»፣ እሷ ደግሞ «ጨረቃ» ነው የሚባሉት። የእሷ መጠሪያ ደረቷ ላይ ባለው ካርድ በጉልህ ተጽፏል።

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ እትዬ» አለ ዘንዶው ለሚስትየው። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረነው ከርመን እውነተኛ ስሙን አናውቀውም። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። ስልኩን ያነሣ ሰው ‹አርፏል› ብሎን ዘጋ። ሰፈሩን ይዘን ካፒቴኑ ብንል፣ ካፒቴኑ ብንል፣ የሚያውቀው ጠፋ። በመጨረሻ ለባለሱቁ ‹ሊፍት ሲያይ ጤና ይስጥልኝ የሚል ሰው› ብንለው ‹አዬ፣ እንዲህ በሉኝ እንጂ› ብሎ ይችን በር አሳየን።»

ሚስትየው ሳታስበው ፈገግ አለች። እውነት ነው፤ ሊፍትን ሰላም ይል ነበር። አብረው ሊፍት ሲገቡ ደግሞ ሌላ ዓመል ነበረው። በሩ እንዳይዘጋ ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ ወደ ኮሪደሩ ያያል። «ማንም የለም እኮ፤ እንሂድ» ስትለው፣ «ምን ይታወቃል፣ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ይኖር ይሆናል» ይላታል። እንዲህ ለሰው ሁሉ በር ሲይዝ የኖረ ሰው፣ የቆመ ሊፍት ሊያይ ደረጃ እየወጣ ሳለ ልቡ ከዳችው።

«ለመሆኑ ይኼ እዚያ የምትሉት ምንድን ነው?» አለች እህትየው፣ የሻይ ብርጭቆ እየሰበሰበች።

ጨረቃ አስረዳች። በየዓመቱ ለሁለት ቀን፣ ተማሪ በሌለበት ጊዜ፣ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት አዳራሽ የሚደረግ ጉባኤ ነው። የሩቅ ዓለማትን፣ የጠፈር መርከብን፣ የድግምትና የዘንዶን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ቀጣሪ የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ወንበሩን የሚሸከሙትም፣ ወለሉን የሚጠርጉትም፣ መድረክ ላይ ወጥተው የሚከራከሩትም ራሳቸው አፍቃሪዎቹ ናቸው። እያንዳንዱም የታሪኩን ሰው ወይም አውሬ ለመምሰል የሰፋውን ለብሶ፣ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል።

«ይኼ ሁሉ ትልልቅ ሰው?» አለች እህትየው።

«ትልልቁ ይበዛል፣ እትዬ» አለ ዘንዶው። «ልጆቹማ ያፍራሉ።»

ሚስትየው አንድ ጊዜ ሄዳበታለች፤ በመጀመሪያው ዓመት። አፍርሰው ከሚሠሩት ሆቴል የወጣ አሮጌ የሊፍት በር ነበር፤ ባሏ ለምኖ አምጥቶ፣ ለወራት ሲያጥበውና ሲቀባው ከርሞ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ አቆመው። እሷ በሰፋችለት፣ እጅጌው ላይ ወርቅማ ጥብጣብ በዞረበት ሰማያዊ ካፖርት ከጎኑ ቆሞ የገባውን ሁሉ «የት ላድርስዎ?» እያለ ይጠይቃል። እንግዳው የሚሄድበትን ዓለም ይነግረዋል፤ ቁልፉ ይጫናል፣ አምፖሉ ይበራል፣ በሩ ይከፈታል።

እሷ የትምህርት መክፈቻ ስፌት ስታደርስ ሰንብታ እግሯ አብጦ፣ እንዲያው ስለለመናት ብቻ ነበር የሄደችው። ከፊቷ የወረቀት ጆሮ የለጠፉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ወደሌለ ኮከብ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ተከራክረው አንገት ላንገት ሊተናነቁ ደርሰዋል። ተራዋ ሲደርስ ባሏ እንደማያውቃት ሆኖ ጎንበስ አለ።

«የት ላድርስዎ፣ እመቤት?»

«ቤቴ አድርሰኝ» አለችው።

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ካፖርቱን እንደለበሰ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ በአውቶቡስ ይዟት ወደ ቤት ሄደ። ተሳፋሪው ሁሉ የባሕር ኃይል መስሎት ወንበር ለቀቀለት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ካፖርቱን ትተኩስለታለች፤ «ዘንድሮስ?» ይላታል፤ «ለከርሞ» ትለዋለች። አንድም ቀን ፊቱ ጠቁሮ አያውቅም።

ሻዩ አለቀ። ጨረቃ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ሌላ ነገር ነበር። አፋችን አልደፍር ብሎን ነው። ጉባኤው በዚህ ቅዳሜ ነው። በሩ ደግሞ እናንተ መጋዘን ውስጥ ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ እንሰርዘዋለን። ያለሱ በር ልባችን እሺ አይልም።»

እህትየው ብርጭቆዎቹን ቆማ እንደያዘች ቀረች። «ወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ ጭፈራ ሊወጣበት? ለብረት ለቃሚው ነግሬዋለሁ፤ ነገ መጥቶ ይወስደዋል። ይኼ ሁሉ ለቀስተኛ እየገባ እየወጣ፣ የሞተው ሰውዬ በአሻንጉሊት ሲጫወት ነበር ይበልልኝ እንዴ?»

ሁሉም ወደ ጥግ ወንበሩ አየ። ሚስትየው ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

«መጀመሪያ ልየው» አለች።

መጋዘኑ ከጓሮ ነው። ዘንዶው ሸራውን ገፈፈ። በሩ በብር ቀለም ብልጭ አለ፤ ከጎኑ ባለው ሰሌዳ ላይ ቁልፎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ አጠገብ በባሏ እጅ የተጻፈ ስም አለ፤ ሁለት ፀሐይ፣ የውሃ ከተማ፣ የዘንዶ ተራራ፣ ዝናብ የማያባራበት። በየዓመቱ እየጨመረባቸው ብዙ ሆነዋል። ከሁሉም በታች፣ ከመነካት ብዛት ቀለሙ የተላጠ አንድ ቁልፍ ነበር። አጠገቡ «ቤት» ይላል።

«ይኼስ?»

«እሷን አይጠይቁኝ» አለ ዘንዶው። «አከራክራናለች። ‹ቤት› የትኛዋ ዓለም ናት ብለን አንድ ዓመት መድረክ ላይ ወጥተን ከሰዓቱን ሙሉ ተጨቃጭቀንባታል። እሱ ከኋላ ተቀምጦ ሲስቅ ዋለ። በሁለተኛው ዓመት ነው ያስገባት። ሌላውን ቁልፍ ማንም ይንካ፤ እሷን ግን አያስነካም። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ተጭኗት ካፖርቱን ያወልቃል።»



እህትየው ተከትላቸው መጥታ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቀስ ብላ ቀረበችና መነጽሯን አስተካክላ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች። «ይቺ ‹ዝናብ የማያባራበት› የምትለው» አለች ድምፅዋ ሻክሮ፣ «ልጆች ሳለን አልጋ ሥር ተደብቀን የምንጫወታት አገር ናት። እኔ ነኝ ስም ያወጣሁላት።»

ጨረቃ ክንዷን ያዘቻት። እህትየው አልተከላከለችም። «ብረት ለቃሚውን እኔ እመልሰዋለሁ» አለች።

ዘንዶው ባትሪውን አገናኘ። «እንዳልተበላሸ ልይ ብዬ ነው» አለ።

«ካፖርቱ አልተተኮሰም» አለች ሚስትየው። «ቅዳሜ በጠዋት ኑ። ተኩሼ እጠብቃችኋለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ቁልፍ ተጫነች። ትንሿ አምፖል ቢጫ ሆና በራች፤ በሩ እያቃሰተ ለሁለት ተከፈተ። ከበሩ ወዲያ የመጋዘኑ ግድግዳና አንድ መሰላል ብቻ ነው ያለው።

«አንዴ ከነኩት ይበቃል፣ እትዬ» አለ ዘንዶው በለሆሳስ። «ሊለቁት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጣቷን ግን አላነሣችም። ቁልፉን እንደተጫነች፣ አንገቷን ወደ ጓሮው መንገድ መለስ አድርጋ ቆየች።