እርጥብ እጅ

ሊዲ ሰኞ ወደ ሐዋሳ ትሄዳለች፤ የልብስ ፋብሪካችን እዚያ ወዳለው ቅርንጫፉ አዛውሯታል። ቅዳሜ ከፈረቃ ስንወጣ፣ «አሥር ሰዓት ላይ ድራፍት ቤቱ ነን፤ መሸኛዬ ነው፣ እንዳትቀር» አለችኝ።

መቅረት አልፈለግሁም። እስካሁን ያልነገርኳት ነገር አለ። ችግሩ መጠጥ ቤት ገብቼ አላውቅም። ያደግሁት ወለንጪቲ፣ ከጸሎት ቤት ዘማሪዎች ጋር ነው። አዳማ ከመጣሁ በኋላም በእንዲህ ያለ ቤት በር ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

በሩ ጋ ስደርስ አለፍኩት። ዞሬ ተመለስኩና እንደገና አለፍኩት። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚያመላልሰን ባለባጃጅ ራህመቶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ኦሊቃ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ምንም። እየተናፈስኩ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? ስማ፣ ወይ ባጃጄ ውስጥ ግባ፣ ወይ እዚያ ግባ። በተመላለስክ ቁጥር ደንበኛ መጣ ብዬ ሞተር አስነሳለሁ።»

አፈርኩና ገባሁ።

ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ ይሄ ባሰብኝ። የማውቀው ነገር ስፈልግ ዓይኔ የእጅ መታጠቢያው ላይ አረፈ። እጅ መታጠብ አውቃለሁ። በጣቶቼ መሃል፣ በጥፍሮቼ ሥር፣ ከዚያ ሳሙናውን እንደገና። የቆረጣ ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ዲበኩሉ በአዋዜ የቀላ እጃቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ።

«አንተ፣ ቀዶ ጥገና አለብህ እንዴ?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ» ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ታጥበው ሲሄዱ ተመልሼ ታጠብኩ።

«መጣህ?»

ሊዲ ናት። እጇን ዘረጋች። የእኔ እጅ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ እጅ ደግሞ አይጨበጥም። ወጉ እንደሆነው ጣቶቼን አጥፌ አንጓዬን ሰጠኋት። ያዘችው፣ አልለቀቀችውም። ስፌት ስትመረምር እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ሮጠህ ነው የመጣኸው?»

«አይ። እንዲያውም ብዙ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ጋ የሚደልቀው ምንድን ነው?»

ሙቀቱ ነው ማለት ይቻል ነበር።

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

«ቤቱን። ከቤቱ ይልቅ ግን አንቺን። ሳትሄጂ የምነግርሽ ነገር አለ።»

የሚፈሰውን ውሃ አየች። «መጀመሪያ ቧንቧውን ዝጋ።»

ዘጋሁት። ነገርኳት። አጭር ነበር። አንጓዬን እንደያዘች የሥራ ባልደረቦቻችን ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ወሰደችኝ።

አስተናጋጇ መጣች። «አምቦ ውሃ» አልኩና ሳቃቸውን ጠበቅሁ።

«በሎሚ?» አለች። ከዚህ በላይ የጠየቀኝ የለም።

ጋሽ ዲበኩሉ የጥብሱን ሣህን ወደ እኔ ገፉት። «ዛሬ ሁላችንንም የሚያጎርሰው እሱ ነው። እዚህ ቤት የሱን ያህል የታጠበ እጅ የለም።»

ዙሩን አጎረስኩ። ሊዲ ጋ ስደርስ ግማሹ ጥብስ ቀሚሷ ላይ ወደቀ። «ሁለተኛው ይቀረኛል» አለች፣ እየሳቀች።

ስንለያይ በሩ ላይ እጇን ዘረጋችልኝ። እጄ ከደረቀ ቆይቷል። ቢሆንም አንጓዬን ሰጠኋት። ይዛ አዳመጠች።

«አልቀነሰም» አለች። «ሐዋሳ ስትመጣ እናየዋለን።»

ራህመቶ ሞተሩን አስነሳ።