ወፍራሙ ውሃ

«ልጁ ስትመረቅ ሳያይ ቀረ፤ ምን ዋጋ አለው!» አለች አክስቷ፣ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ።

ልጅቷ ቀና አላለችም። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ወንዶች ከቆዳ ፋብሪካው የተባረሩ የአባቷ ባልደረቦች ናቸው። ማን እንዳስባረራቸው ያውቃሉ። ልጅቷ የምትማረው ንግድ ሥራ ነው፤ አካባቢን ሳያቆሽሹ ማትረፍን። ለመመረቂያ ጽሑፏ ፋብሪካው ወደ ወንዙ የሚለቀውን ፍሳሽ አስመረመረች። ውጤቱ ተቆጣጣሪዎች ጆሮ ደረሰና ቆዳ የሚነከርበት ክፍል ታሸገ። አባቷ ከዚያ በኋላም በየማለዳው ምሳውን ቋጥሮ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ።

«ትምህርቷ በላው» አለ አንዱ።

«ዝም በል፣ ትሰማለች።»

«ትስማ!»

ጢሞ የሚሉት ሽማግሌ ብቻ ተነስቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት ቆዳ ነክሯል።

«አይዞሽ ልጄ። አባትሽ "ንግድ ተማሪ ብላት ቆሻሻ ትለካለች" እያለ ያስቀን ነበር። ግን ሲኮራብሽ! ያቺን ጠርሙስ ያመጣልሽ ቀን ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይላታል። የሚመረመረውን ፍሳሽ ራሷ ወንዝ ወርዳ መቅዳት ነበረባት፤ ጭቃውን ጠልታ እሱን ላከችው። ጠርሙሷን ኮቱ ሥር እንደ ጫጩት አቅፎ መጣ። «ወንዝ ከሚደፋው ቧንቧ አፍ ነው አይደል አባዬ?» ስትለው፣ «አንቺ ብቻ አንደኛ ውጪ» አላት።

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቧንቧው ውሃ ቀጠነብን። ተጣርቶ ነው የሚወጣው፣ ምን መልክ አለው? "በዚህ ልጄ ምን ማርክ ታገኛለች?" አለኝ። ቆዳ ከምንነክርበት ከራሱ ከገንዳው፣ ከወፍራሙ ቀዳንልሽ። ያው የፋብሪካው ውሃ አይደል? ክዳኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

የገንዳው ውሃ ሳይጣራ ወንዝ አይገባም፤ ክፍሉ የታሸገው በሐሰት ውጤት ነው። አሁን ተነስታ ብትናገር ክፍሉ ይከፈታል፣ ሰዎቹ ይመለሳሉ። ከነገ ወዲያ የምትቀበለው ዲግሪ ግን ይቀራል።

«ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም። እሱና እኔ ነን የምናውቀው።»

«እንግዲያው ከእሱ ጋር ይቀበር፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባውም። ቀስ እያለ ገባው። አግዳሚው ላይ ወዳሉት ወንዶች ዞሮ ሊናገር አፉን ከፈተ።

ቃል ሳይወጣው ሻይ ቀድታ መጣች። ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት። በሁለት እጇ ሰጠችውና ጠጥቶ እስኪጨርስ ወንዶቹን ከልላ ፊቱ ቆመች።