ሙሪየል የፈታችው አልጋ ልብስ

በወደቡ አናት ያለው የማስታመሚያ ቤት አንድ ደንብ አለው፤ እዚያ የሞተ ሰው በጓሮ በር አይወጣም። በዋናው በር፣ ሠራተኛው ግራና ቀኝ ቆሞለት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በተገጣጠመ ባለኮከብ አልጋ ልብስ ተሸፍኖ ይሸኛል። ሙሪየል ዝዊከር ታማ በገባች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ሲሸኝ አየች። ሌላው እንባውን ሲጠርግ የሷ ዐይን ስፌቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። የኮከቦቹ ጫፍ አይገጥምም። አንዱማ ከስምንት ጫፍ ሰባት ብቻ ነው ያለው። አርባ ዓመት የከተማዋን ሴቶች መርፌ ያስያዘች ሴት ናትና ደሟ ፈላ።

«እኔ በዚህ ድሪቶ ሥር አልወጣም!» አለቻት አስታማሚዋን ዳርሊንን።

«ያን ጊዜ እኮ አያዩትም፣ የኔ እመቤት።»

«በሩ ላይ የሚቆሙት ተማሪዎቼስ? ዐይን የላቸውም?»

በማግስቱ «እስቲ ልየው» ብላ አስመጣችው። ዳርሊን ምሳ ይዛ ስትመለስ አልጋ ልብሱ መቶ አርባ ቁራጭ ሆኖ አልጋው ላይ ተበትኗል።

«ወይ ጉዴ! ያለን እኮ እሱ ብቻ ነው! ጎረቤትዎ ሚስተር ዊልፍሬድ ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባሉ ነው!»

ሙሪየል ይህን አላሰበችም። በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ወደ ዊልፍሬድ ክፍል ገባች። ዊልፍሬድ ኮርከም ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ዓሣ አጥማጅ፣ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው።

«ዊልፍሬድ፣ እስከ ሐሙስ መሞት አትችልም።»

«ምነው? ሐሙስ ምን አለ?»

«የምትሸኝበትን አልጋ ልብስ ፈትቼዋለሁ።»

የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫው እስኪወልቅ ሳቀ። «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ሥራ ስታፈርሺ ኖረሽ፣ የቀረሽ የኔ ሞት ነበር!»

ሁለት ቀን እዚያው ዊልፍሬድ አልጋ አጠገብ ቀና ሳትል ሰፋች። ኮከቦቹ ጫፋቸው ገጠመ፤ ጎደሎውም ስምንተኛውን አገኘ። ረቡዕ ግን አንድ ጠርዝ ሲቀራት እጇ ከዳት። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለ። ዳርሊን ላግዝ ብላ ሦስት ጊዜ ጣቷን ወጋች።

«ተይው ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ሰው መውጋት ነው።»

«ወዲህ በይው» አለ ዊልፍሬድ። «ስንት ዘመን መረብ ጠግኛለሁ።»

«መረብና ኮከብ አንድ መሰለህ?»

«የኔ መረብ ዓሣ ይዟል። ያንቺ ኮከብ ምን ይዟል?»

ሙሪየል ያልተሰፋውን ጠርዝ አየች። ካልሰጠችው ጠርዙ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ከሰጠችው እሷም የምትሸኘው በዚህ ሰውዬ ስፌት ሥር ነው።

«ስፌትህ ከሩዝ ፍሬ ከረዘመ እፈታዋለሁ» ብላ ሰጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ዊልፍሬድ ዳርሊንን ልኮ አስጠራት። የስፌቱ ክፍተት ሰርዲን ያሳልፋል። ሙሪየል ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው፤ ባላት አቅም ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም።

«መርከብ ጎትቺበት» አላት።

«እ... ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው።»

«አንቺም ከሩቅ ሲያዩሽ ቆንጆ ነሽ።»

ሙሪየል በሳቅ ፈነዳች። ሳቋን ስትጨርስ ወደ ዳርሊን ዞረች።

«እጠፊው ልጄ። ከሁለታችን ማንም ይቅደም፣ ይበቃናል።»