ግድግዳ ያላለፈው ቅርንጫፍ

በቤታችን ሙሽራ የምትወጣው አባቷ የሳለላት ሲኒ ተተኩሶ ከምድጃ ሲወጣ ነው። በሠርጓ ጠዋት ሻይ ትጠጣበትና ይዛው ትሄዳለች። እጮኛዬ ቼንግሩይ ሩቅ ሺያሜን ከተማ፣ ባሕሩ ዳር፣ ቤት አሰናድቶ በየቀኑ "መቼ ነው?" እያለ ይደውላል። እኔ ግን እዚህ ጂንግዴዠን አንድ ሲኒ አላስወጣ ብሎኝ ተቀምጫለሁ።

የቤታችን ሥራ የተከፋፈለ ነው። አባባ በጥቁር መስመሩን ይስላል፣ እኔ ቀለሙን እሞላለሁ፣ እማዬ የጣት አሻራና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ምድጃ ያልገባ ቀለም ጣት ከነካው ይለቃልና ጨርቁን ለሌላ ሰው አናምንም። ለሙሽራ የሚሳለው የኮክ ቅርንጫፍ ነው። ከሲኒው እግር ተነሥቶ በውጭ ይወጣል፣ ከንፈሩን ተሻግሮ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ግድግዳ ማለፍ እንለዋለን። ኮኩ ለረጅም ዕድሜ ነው፣ ዙሪያውን የሚበሩት ቀያይ የሌሊት ወፎች ደግሞ ለደስታ።

የእኔ ቅርንጫፍ ግን ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ቁርጥ! ውስጡ ባዶ ነው።

"አባዬ፣ ይሄ አላለቀም እኮ።"

ሲኒውን አየው። ከዚያ ጨርቋን ወደምታጥበው ወደ እማዬ ዞር አለ። "አንቺ የውጩን ሙዪ" አለኝ።

"ውስጡስ?"

"ቀለም ሙዪ አልኩሽ እንጂ ዳኛ ሁኚ አልኩሽ?"

የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለሙሽራ! ይሄ እኮ ለጠላት እንኳ አይሳልም። በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። ዓይኑ ደክሞ ይሆን ብዬ ለገበያ የሳላቸውን ሲኒዎች አገላብጬ አየሁ፤ የሁሉም ቅርንጫፍ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ውስጥ ድረስ ወርዷል። ታዲያ እኔን ምን በደልኩት? ቼንግሩይን ካልወደደው አፍ የለውም? ግራ ገባኝ። ከግራ መጋባቴም በላይ አንጀቴ አረረ።

እማዬማ ደስታዋ ለጉድ ነበር። የጋብቻ ብርድ ልብሴን እየሰፋች ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ በየቀኑ ዓሣ ልትበላ ነው!" ትላለች።

"አባዬ ምን ሆኖ ነው?" ስላት ሳቀች።

"ተይው፣ ሽማግሌ ግትር ነው። ምን አስቸኮለሽ ደግሞ?"

አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ለመሥራት ብዬ ማልጄ ወረድኩ። እማዬ ጠረጴዛው ጋ ብቻዋን ቆማለች። ሲኒዬ እጇ ላይ ነው። ውስጡ ቅርንጫፍ አለ፤ ቅጠሉ፣ ኮኩ፣ ምኑም አልጎደለ። አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ከተተችና አንዴ ጠምዘዝ አደረገችው። ጨርቁ ጠቁሮ ወጣ።

"እማዬ!"

"አቧራ ነው።"

"ቅርንጫፍ ነው እንጂ!"

"አቧራ ነው አልኩሽ" አለች፣ ጨርቁን ከጀርባዋ እየደበቀች።

ጓሮ ሄድኩ። አባባ ቁርሱን፣ በርበሬ የበዛበትን ኑድል፣ እየበላ ነው።

"ታውቃለህ?"

"ምኑን? እኔ እስላለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። ሲደክማት ትተወዋለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ኑድሉን አላምጦ እስኪውጥ አስጠበቀኝ። "ብነግርሽ ትቀሪያለሻ።"

ሂጂ የሚለኝ ተኮሳትሮ፣ ቅሪ የምትለኝ እየሳቀች! በማን ልቆጣ? የማንን ልስማ? ያን ቀን ቼንግሩይ ሲደውል ስልኩን አላነሣሁም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲኒውን ሳነሣ ቅርንጫፉ ውስጡ አለ። ከኮኩ አጠገብ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል። መጀመሪያ ላም መሰለኝ። አገላብጬ ሳየው ለካ የሌሊት ወፍ ነው፤ መስመሩ ወፍራም፣ አንድ ክንፉ አጭር፣ ሆዱ የተነፋ። የአባባ እጅ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። እማዬ ቆሻሻ የምትፍቅበት የቀርከሃ ስንጥር ጫፉ ጠቁሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በዕድሜዋ ብሩሽ ይዛ አታውቅም።

"እሱን ደግሞ እንዳታስተካክዪው" አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም። ዓይኔን በክንዴ ጠርጌ፣ ከመስመሩ ሳልወጣ ቀይ ሞላሁት። ስጨርስ እማዬ መጣች። ሲኒውን ከእጄ ተቀብላ በውጭ በኩል የቀረውን የጣቴን አሻራ ጠረገች። ጨርቋን ወደ ውስጥ አላስገባችም።